ፈጣን ጉበት፦ ስለ ልጆቻችን መድኃኒት ማወቅ ያለብን አንድ የላብራቶሪ ግኝት

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት ሰዎች ከአንድ ጀበና ቡና ይጠጣሉ። አንደኛው ቤቱ ገብቶ ጥቅልል ብሎ ይተኛል። ሌላኛው ጣራ ጣራውን ሲያይ ያድራል። ቡናው አንድ፣ ጀበናው አንድ፣ ስኒውም እኩል ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ብዙውን ጊዜ ከጉበት ነው። ቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን የሚፈጨው ጉበታችን ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሲሆን፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ቶሎ ቶሎ ይሠራል፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ እየተጎተተ ነው የሚሠራው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እዚሁ አትላንታ ምግብ ቤት ነው ያለኝ። ግን ሃያ ምናምን ዓመት ሰው ሲበላና ሲጠጣ ሳይ፣ አንድ ዓይነት ምግብ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ተምሬአለሁ። ቡና ላይ ከሆነ ጉዳቱ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው። መድኃኒት ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የጉበት ኢንዛይም ነው። ሳይንቲስቶች ይህን ኢንዛይም እኛው ኢትዮጵያውያን ላይ አጥንተውታል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም እኛን በስም ጠርቶ ጽፎበታል። ሆኖም ብዙ ወላጅ አልሰማውም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ኢንዛይም ምንድነው?

ልጆች፣ ይቺን ሞክሩ። ትንሽ ቁራሽ ዳቦ አፋችሁ ውስጥ ጨምሩና ሳትውጡ አንድ ሁለት ደቂቃ አላምጡት። እያደር መጣፈጥ ይጀምራል። ስኳር የጨመረበት የለም። ምራቃችሁ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው ስታርቹን እየቆራረጠ ወደ ስኳር የሚቀይረው።

እናቶቻችን ይህን ሥራ ስሙን ሳይጠሩ ያውቁታል። ለጠላ ገብሱ ውኃ ጠጥቶ ሲበቅል ውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ይነቃሉ፤ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡት እነሱ ናቸው፤ ብቅል የሚባለውም ይኸው ነው። የጤፍ ሊጥ ሲቦካ ደግሞ ሌላ ኢንዛይም በእህሉ ውስጥ ብረትን አስሮ የያዘውን ፊታይት የሚባል ነገር ይሰባብራል። ስለዚህ በደንብ ከቦካ እንጀራ ሰውነታችን ብረቱን በቀለለ ሁኔታ ያገኛል።

ኢንዛይም እንግዲህ አንዱን ነገር ወደ ሌላ ነገር የሚለውጥ ሠራተኛ ነው ብላችሁ ያዙት። ሥራውን ሲጨርስ እሱ ራሱ አያልቅም፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በሰውነታችን ውስጥ እነዚህ ሠራተኞች በብዛት ከተሰበሰቡባቸው ቦታዎች አንዱ ጉበት ነው። የአዋቂ ሰው ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ከአንጀት የሚመጣው ደም ወደ ሌላው ሰውነት ከመዳረሱ በፊት መጀመሪያ የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው። የበላነው፣ የጠጣነው፣ የዋጥነው ክኒን ሁሉ እዚያ ይፈተሻል፤ የሚሰበረው ይሰበራል፣ የሚለወጠው ይለወጣል።

ከጉበት ሠራተኞች መካከል የዛሬው ባለ ታሪካችን ሲፕ-2ዲ6 ይባላል። ስሙ የመኪና ታርጋ ይመስላል፤ ግድ የለም። ዋናው ነገር በሐኪም ከሚታዘዙት የተለመዱ መድኃኒቶች ውስጥ ሩብ ለሚሆኑት በእሱ እጅ ማለፋቸው ነው።

ለንደን ውስጥ የተዝለፈለፈው ተመራማሪ

በ1970ዎቹ አጋማሽ ለንደን ውስጥ ሮበርት ስሚዝ የሚባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ የደም ግፊት መድኃኒት ራሳቸው ላይ ሞከሩ። መድኃኒቱ ዴብሪሶኩዊን ይባላል። ባልደረቦቻቸው ያን ያህል አልተሰማቸውም። እሳቸው ግን የደም ግፊታቸው በጣም ወርዶ ራሳቸውን ችለው መቆም አቃታቸው። ሽንታቸው ሲመረመር፣ ጉበታቸው ያንን መድኃኒት አልለወጠውም ማለት ይቻላል። በ1977 የታተመው ጥናታቸው ይህ የሰው ለሰው ልዩነት በዘር የሚወረስ መሆኑን አሳየ። ኢንዛይሙ አንዳንድ ሰው ላይ ጭራሽ አይሠራም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ግልባጩ ነበር። የማይሠራበት ሰው ካለ፣ ከመጠን በላይ የሚሠራበት ሰውስ የለም ወይ? በ1993 በስዊድን የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች መልሱን ከአንድ ቤተሰብ አገኙት። የዚህ ኢንዛይም ጂን በወትሮው አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት፣ በድምሩ ሁለት ነው የሚሆነው። በዚያ ቤተሰብ ግን አባትየውና ሁለት ልጆቹ በደርዘን የሚቆጠር ቅጂ ይዘው ተገኙ።

በእኔ ሙያ ላስረዳችሁ። ኩሽናዬ ውስጥ ሁለት ወጥ ሠሪ ካለ ትእዛዙ በመደበኛው ፍጥነት ይወጣል። ሦስትና አራት ካስገባሁ እንግዳው ገና ሳይቀመጥ ምግቡ ይደርሳል። የጂኑ ቅጂ በበዛ ቁጥር ጉበት ውስጥ የሚሠራው ኢንዛይም ይበዛል፤ መድኃኒቱም በጣም ቶሎ ይለወጣል። ሳይንቲስቶቹ እንዲህ ዓይነቱን ሰው «እጅግ ፈጣን» ይሉታል።

ከ100 ኢትዮጵያውያን 29ኙ

እዚያው ካሮሊንስካ አንዲት ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ ነበሩ፤ ዶክተር እሌኒ አክሊሉ ይባላሉ፤ ዛሬ ፕሮፌሰር ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የ122 ኢትዮጵያውያንን ጂን መርምረው ውጤቱን በ1996 አሳተሙ። ከ100 ሰው 29ኙ የዚህን ጂን ትርፍ ቅጂ ይዞ ተገኘ። በዚያው ዘመን ስዊድናውያን ላይ የታየው ከ100 አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነበር።

ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ አስቡት። ስድስት ሰባት ሰው ከበን በምንበላበት ገበታ ላይ በአማካይ ሁለቱ ፈጣን ጉበት አላቸው ማለት ነው። እነማን እንደሆኑ በመልክ አይታወቅም። በሽታ አይደለም፤ ጤነኛ ሰው ሆነው ኖረው ሊያረጁ ይችላሉ። ነገሩ የሚወጣው የተወሰነ መድኃኒት የወሰዱ ቀን ነው።

ለምን እኛ ላይ በዛ? የካሮሊንስካ ተመራማሪዎች አንድ መላምት አላቸው። ይህ ኢንዛይም ዕፅዋት ውስጥ ያሉ መራራና መርዘኛ ነገሮችን የማክሸፍ ችሎታ አለው። በጥንት ዘመን በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ረሃብ ሲገባ፣ ሌላው ሊበላው የማይችለውን ቅጠልና ሥር በልቶ የተረፈው ፈጣን ጉበት ያለው ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ልጆቹም ያንን ወረሱ ይላሉ። መላምት ነው፤ ነገር ግን በክፉ ቀን ከዱር ቅጠል ለቅሞ ነፍሱን ያቆየ ሕዝብ ልጆች ነንና ለእኛ እንግዳ ነገር አይሆንብንም።

ነገሩ ከልጆች ጋር ምን አገናኘው?

ኮዴይን የሚባል የሕመም ማስታገሻ አለ። ለብቻውም፣ ከታይለኖል ጋር ተቀላቅሎም፣ በሳል ሽሮፕ ውስጥም ይገኛል። ኮዴይን ራሱ ደካማ መድኃኒት ነው። ሕመም የሚያስታግሰው ጉበት ውስጥ ገብቶ በሲፕ-2ዲ6 አማካይነት ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። በመደበኛው ሰው ከዋጠው ኮዴይን ወደ ሞርፊን የሚለወጠው ከ100 እጅ ከ5 እስከ 10 ያህሉ ብቻ ነው። መጠኑም የሚታዘዘው ይህ ታስቦ ነው።

ፈጣን ጉበት ያለው ልጅ ግን ያንኑ ማንኪያ ሽሮፕ ሲጠጣ ከታሰበው በላይ ሞርፊን ባንድ ጊዜ ደሙ ውስጥ ይገባል። ሞርፊን ሲበዛ ትንፋሽን ያዘገያል። ልጁ የተኛ ይመስላል፤ ወላጅም «ተመስገን፣ ሕመሙ ለቀቀው» ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎ ይወጣል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ወላጁ ምንም ሳያጠፋ፣ መጠኑን በትክክል ለክቶ ሰጥቶ፣ ልጁ ሊጎዳ ይችላል።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2012 ቶንሲላቸውን ከተሠሩ በኋላ ኮዴይን ወስደው የሞቱ ልጆችን ጉዳይ መመርመር ጀመረ። በ2013 ኮዴይን ላይ ከሁሉ የጠነከረውን ማስጠንቀቂያ አወጣ። በ2017 ደግሞ ከ1969 ጀምሮ የደረሱትን ሪፖርቶች ሰብስቦ ሲያይ፣ ኮዴይን ካለባቸው መድኃኒቶች ጋር የተያያዘ ከባድ የመተንፈስ ችግር የደረሰባቸው 64 ልጆች አገኘ፤ ከእነሱም 24ቱ ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ ያለው ደንብ ባጭሩ ይህ ነው፦

• ኮዴይን ዕድሜው ከ12 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ለሕመምም ለሳልም አይሰጥም።

• ትራማዶል የተባለው ማስታገሻም በዚሁ ኢንዛይም ስለሚሠራ፣ ከ12 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ለሕመም አይሰጥም።

• ቶንሲል ወይም የአፍንጫ ጀርባ እጢ ለማውጣት ቀዶ ጥገና ከተደረገ በኋላ፣ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ሁሉ ሁለቱም ክልክል ናቸው።

• የምታጠባ እናት ሁለቱንም እንዳትወስድ ይመከራል፤ መድኃኒቱ በወተቷ በኩል ወደ ሕፃኑ ያልፋልና።

• በ2018 ደግሞ ኮዴይን ያለባቸው በሐኪም የሚታዘዙ የሳል መድኃኒቶች ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ ብቻ እንዲሆኑ ተወሰነ።

ተራው ታይለኖል፣ ማለትም ኮዴይን የሌለበት፣ በዚህ መንገድ አይሠራምና ከዚህ ጋር አታምታቱት። እሱም ቢሆን ከተጻፈው መጠን ካለፈ ጉበትን ይጎዳል፤ ጉዳቱ ግን ሌላ ዓይነት ነው።

«ጥቁር» የሚለው ሣጥን

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ። በ2013ቱ የኤፍዲኤ ማስጠንቀቂያ ውስጥ አንድ ሠንጠረዥ ነበር። በየሕዝቡ ከ100 ሰው ስንቱ እጅግ ፈጣን እንደሆነ ያሳያል። ለሰሜን አውሮፓውያን ከ1 እስከ 2 ይላል። ለአፍሪካ አሜሪካውያን ከ3.4 እስከ 6.5። ለኢትዮጵያውያን 29።

እስቲ ክሊኒክ ስንገባ የምንሞላውን ቅጽ አስታውሱ። ዘር የሚለው ቦታ ላይ «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» የሚል ሣጥን አለ፤ ምልክት እናደርጋለን፣ እንቀመጣለን። ልጆቻችን ደግሞ እዚህ ዲካተር ወይም ግዊኔት ተወልደው፣ እንግሊዝኛቸው ከሐኪሙ የማይለይ ናቸው። ሐኪሙ ከየት ቤተሰብ እንደመጡ በምን ያውቃል? ስማቸውም ሣራ ወይም ዳንኤል ከሆነ ምንም ፍንጭ የለውም። ልጁ አሜሪካዊ ነው፤ ጉበቱ ግን ከጎጃም ከመጡት አያቱ የወረሰው ሊሆን ይችላል። ያንን ለሐኪሙ የሚነግረው ወላጅ ብቻ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ያለው እኛው መካከል ነው፤ እኔ በየጊዜው ጠረጴዛ ላይ እሰማዋለሁ። «ልጄ ጥርሱን ተነቅሎ ሌሊቱን ሲያቃስት አደረ» ትላለች አንዷ። «ውይ የኔ እናት! እኔ ጋ ከቀዶ ጥገናዬ የተረፈ ክኒን አለ፤ ግማሹን ስጪው» ትላለች ሌላዋ። ከፍቅር ነው የምትለው፤ እኛ ያለንን ተካፍለን ነው ያደግነው። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ መድኃኒትም እንዲሁ ይዞራል። ሐኪም ለአርባ ዓመት ሴት ያዘዘው ትራማዶል ግን ለአሥር ዓመት ልጅ በግማሽ ተከፍሎ አይሰጥም። እንጀራ እንካፈል፤ ክኒን አንካፈል።

መድኃኒቱ «አልሠራልኝም» ሲባል

ፈጣን ጉበት በተቃራኒውም ይጎዳል። ኮዴይን የሚሠራው ተለውጦ ነው ብለናል። ሌሎች መድኃኒቶች ደግሞ እንደተዋጡ የሚሠሩ ሆነው ጉበት ሲለውጣቸው የሚከሽፉ ናቸው። ለድብርት የሚሰጠው ኖርትሪፕቲሊን አንዱ ነው፤ ማስታወክ ለማስቆም የሚሰጠው ኦንዳንሴትሮንም እንዲሁ። ፈጣን ጉበት እነዚህን ሥራ ሳይጀምሩ ጠርጎ ሊያስወጣቸው ይችላል። በሽተኛው በትክክል እየዋጠ አይሻለውም።

በእኛ ማኅበረሰብ ስለ ድብርት መናገር ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ። አንድ ሰው በስንት ልመና ሐኪም ዘንድ ሄዶ፣ መድኃኒት ጀምሮ፣ ለውጥ ሲያጣ «ድሮስ የፈረንጅ መድኃኒት ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ምናልባት የሚያስፈልገው መጠኑ እንዲስተካከል ወይም በሌላ ኢንዛይም የሚሠራ መድኃኒት እንዲቀየርለት ብቻ ነው። በራሳችሁ ግን አትጨምሩ፣ አታቋርጡም፤ ተመልሳችሁ «አልሠራልኝም» በሉ። ይህ ቃል ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው።

ምግባችንስ ምን ያደርጋል?

የእኔ ሙያ ነውና ይህን ሳልጠይቅ አላልፍም። በ2002 ዶክተር እሌኒና ባልደረቦቻቸው ሌላ ጥናት አሳተሙ። ኢትዮጵያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንንና ስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አወዳደሩ። ጂናቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ አገር ቤት ያሉት ላይ ኢንዛይሙ ዘገም ብሎ ሲሠራ ተገኘ። ጂኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አካባቢው ነው፤ ምግቡም በዋናነት ተጠርጣሪ ነው። አገር ቤት ሳለ ችግር ያልሰጠን መድኃኒት እዚህ ላይሰጠን ይችላል ብለን እርግጠኛ መሆን አንችልም ማለት ነው። «እኔ ድሮ ስወስደው ምንም አልሆንኩም» የሚለው ወግ ለልጃችን ዋስትና አይሆንም።

ምግብና መጠጥ ኢንዛይምን እንደሚያዘገዩ በሌላም ታይቷል። ጫት ይህንኑ ሲፕ-2ዲ6 እንደሚያዳክም እዚያው እኛ ሕዝብ ላይ በተደረገ ጥናት ተገኝቷል። ግሬፕፍሩት የሚባለው ፍሬ ደግሞ አንጀት ውስጥ ያለ ሌላ ኢንዛይም ያግዳል። ይህም የተገኘው በአጋጣሚ ነው፤ ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች አልኮል ከአንድ የደም ግፊት መድኃኒት ጋር ሲወሰድ የሚያመጣውን ሲያጠኑ፣ የአልኮሉን ጣዕም ለመደበቅ ግሬፕፍሩት ጭማቂ ተጠቀሙ። ደም ውስጥ ያለው መድኃኒት ካሰቡት በላይ ሲጨምር ጥፋተኛው ጭማቂው ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሲምቫስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት የምትወስዱ እናትና አባቶች፣ ስለ ግሬፕፍሩት ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለሐኪሙም፣ ለጥርስ ሐኪሙም ሆነ ለማደንዘዣ ሐኪሙ ይህን ተናገሩ፦ «ቤተሰባችን ከኢትዮጵያ ነው፤ ኮዴይንና ትራማዶል በብዙዎቻችን ላይ ከመጠን በላይ እንደሚሠሩ አውቃለሁ፤ ለልጄ ሌላ ማስታገሻ ይታዘዝልኝ።» ሌላ ማስታገሻ አለ፤ መጠየቅ ብቻ ነው።

እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ልጃችሁን አታስተርጉሙ። የፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። «አምሐሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» ማለት ይበቃል። የአሥር ዓመት ልጅ የራሱን መድኃኒት አደጋ ለእናቱ እንዲተረጉም መጠበቅ የለብንም።

የልጃችሁን ሽሮፕ ስትቀበሉ ስሙን አንብቡት፤ ኮዴይን ወይም ትራማዶል ይላል ወይ? ፋርማሲስቱን መጠየቅ አያስከፍልም። ጫትም፣ የባህል መድኃኒትም፣ ከአገር ቤት የመጣ ክኒንም የምትወስዱ ካላችሁ ሳትደብቁ ንገሩት።

እንዲህ ዓይነት መድኃኒት የወሰደ ሰው ከወትሮው በተለየ ከተኛ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ግራ ከተጋባ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ካንኮራፋ፣ «ይተኛ፣ ደክሞት ነው» አትበሉ፤ ወዲያው 911 ደውሉ። ናርካን የሚባለው በአፍንጫ የሚረጭ ማክሸፊያ ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። ከሰጣችሁም በኋላ ግን 911 መደወል አይቀርም፤ ኃይሉ ቶሎ ያልቃልና። ልጅ ያልታዘዘለትን ነገር ውጦ ግን ደህና ከመሰለ፣ የመርዝ መረጃ ማዕከል በ1-800-222-1222 ሌት ተቀን ይመልሳል፤ አስተርጓሚም አላቸው።

ይህን ኢንዛይም በምራቅ ወይም በደም የሚያሳይ የጂን ምርመራም አለ። በተለይ መድኃኒት ደጋግሞ ያልሠራለት ሰው ቤታችሁ ካለ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ኢንሹራንሳችሁ ይሸፍን እንደሆነም አስቀድማችሁ አጣሩ። አንድ ጊዜ ከተደረገ ውጤቱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ጂን አይቀየርምና።

በመጨረሻም በዚህ ሳምንት የመድኃኒት ሣጥናችሁን ክፈቱ። ከድሮ ቀዶ ጥገና የተረፈውን፣ ስሙ የጠፋውን፣ ጊዜው ያለፈበትን ለዩና ወደ ፋርማሲ ውሰዱት፤ ብዙዎቹ መመለሻ ሣጥን አላቸው። ይህን መጽሔት ከሱቅ ስታነሱ ደግሞ አንድ ቅጂ አዲስ ለወለደች ጎረቤታችሁ ጨምሩላት።